ከኮምቦልቻ ፎርማ እስከ ቦሩ ሜዳ ማድቤት፦ የ24 ምርጥ ምድጃዎች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

ሥራው «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የሲሚንቶ እንጀራ መጋገሪያ ሠርቶ መትከል ነው፤ ሁለት መንደር ላይ። አንዱ ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያለ የደጋ መንደር ነው። ሌላው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ቃሉ ውስጥ ያለ ሞቃት መንደር ነው። ምድጃው የሚመረተው ኮምቦልቻ ነው። አሸዋው ቅርብ ነው፤ ሌሊቱም የደጋውን ያህል አይቀዘቅዝም። ውርጭ ባለበት ሌሊት የተሞላ ሲሚንቶ ጠዋት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ውሃ ቢጠጣ አይጠነክርም።

ዛሬ የተሠራው ቆጠራ ብቻ ነው፤ በየቤቱ የሚነደው ምንድን ነው የሚለው። በደጋው ኩበት ይበዛል፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ በመጨረሻ ጥቂት ፍልጥ። በቆላው የማሽላ አገዳና የግራር ጭራሮ ነው፤ ለቡና ከሰል። ደጋው ላይ መጀመሪያ ሲያዩት ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ጓሮው በባሕር ዛፍ የታጠረ ቤት ራሱ ማገዶ የለውም። ዛፉ አጠና ሆኖ ደሴ ይሸጣል፣ ከብቱ የጣለው እበት በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ደርቆ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ የገብሱ ማሳ ደግሞ ያለ ፍግ ይከርማል። ስለዚህ እዚህ የሚቆጠበው እያንዳንዱ ኪሎ ማገዶ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ከኩበቱ ላይ ነው። እንጨት ብቻ ቆጥቦ ኩበቱን እንደ ድሮው ማንደድ ለማሳው ምንም አይፈይድም።

በእንጀራ የተጀመረውም ለዚህ ነው። ከቤቱ ማገዶ ከግማሽ በላዩን የሚበላው ምጣዱ ነው። የወጥና የቡና ምድጃ ሊቆይ ይችላል።

ባዮጋዝስ የሚል ጥያቄ ተነስቷል። 6 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ጉድጓድ በየቀኑ 40 ኪሎ ገደማ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ቦሩ ሜዳ ላይ ውሃ በጀርባ ነው የሚመጣው። ቅዝቃዜውም ጋዙን ያሳንሰዋል። ጋዙ ቢገኝም 60 ሳንቲም ስፋት ያለው ሸክላ ላይ እሳቱን እኩል ማዳረስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ መስመሩ ያልደረሰበት ቤት ላይ ወሬው ያበቃል።

ጥቅምት 11

ፎርማ፣ ማለትም ውህዱ የሚሞላበት የላሜራ ቅርጽ። ብየዳ ቤት የተሰጠው ልክ ይህ ነው፦ የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 56 ሳንቲም፣ የውጭ ስፋት 68፣ የግድግዳው ውፍረት 6፣ ከፍታው 24። ከላይ በውስጥ በኩል ምጣዱ የሚቀመጥበት 3 ሳንቲም ገባ ያለ፣ 2 ሳንቲም የጠለቀ ከንፈር አለው። በከንፈሩ ደረጃ ስፋቱ 62 ይሆናል። 60 ሳንቲም የሆነ ምጣድ ሲቀመጥ ዙሪያውን 1 ሳንቲም ክፍተት ይተርፈዋል፣ 2 ሳንቲም ደግሞ ከንፈሩ ላይ ያርፋል። ይህች 1 ሳንቲም በኋላ ብዙ አስለፍታናለች።

ምድጃው ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ ቀለበቱን ይሠራሉ፤ አንዱ በር ያለው፣ አንዱ የጢስ መውጫ ያለው፣ ሁለቱ ጎን ናቸው። የቀሩት ሁለት ከኋላ በጢስ መውጫው ላይ ተገጥመው ቆመው የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። በሩ 24 በ11 ሳንቲም ነው። ላሜራው 2 ሚሊ ሜትር ይሁን ተብሏል። በ1 ሚሊ የተሠራ ፎርማ ሲወቀጥ ሆዱን ይነፋል፤ ከዚያ አራቱ ቁራጭ አንድ ላይ አይገጥምም።

ሁለት ፎርማ ታዝዟል።

ጥቅምት 14

አሸዋ። ከቦርከና፣ ከፋብሪካዎቹ በላይ ካለው ዳር የተወሰደ ነው። ግልጽ በሆነ የላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከላይ ውሃ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ በደንብ ተንጦ ለሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ከላይ የሚተኛው የጭቃ ንጣፍ ከጠቅላላው ከፍታ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠባል። የእኛው ከ12 ሳንቲም ላይ 2 ሳንቲም ጭቃ አሳየ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ ወደ ግማሽ ሳንቲም ወረደ። በባለ 5 ሚሊ ወንፊትም ተነፍቷል።

አሸዋ ብቻውን ግን አይበቃም። የወንዝ አሸዋ ውስጥ ያለው ነጭ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ያብጣል። ሲሚንቶው ራሱ ከ400 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በውስጡ ይዞት የቀረውን ውሃ ይለቃል፤ ምድጃው ቀዝቅዞ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ሲጠጣ ደግሞ ይሰነጠቃል። በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ችግር ያንስባቸዋል። እኛ ያገኘነው ምትክ ገል ነው። የተሰበረ ምጣድና ጀበና ከየቤቱ ተለቅሞ በመዶሻ ተፈጭቶ በዚያው ወንፊት ተነፋ። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ሸክላ ሁለተኛ አይደነግጥም። ከአሸዋው ሩቡ በገል ተተካ።

የአንድ ምድጃ ልክ፦ ሲሚንቶ 8 ሊትር (በኪሎ 11.5 ገደማ)፣ አሸዋ 24 ሊትር፣ ገል 8 ሊትር፣ ውሃ ከ5 እስከ 6 ሊትር። በዚህ ሂሳብ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት አራት ምድጃ ያወጣል፣ ትንሽ ትርፍም ይኖረዋል። ዋጋውን በብር ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ የሲሚንቶ ዋጋ የሰነበተበት ጊዜ የለም። በኪሎ ያሰላ ሰው ሁልጊዜ ልክ ነው።

ጥቅምት 17 እስከ 20

14 ምድጃ ተሞላ። ውህዱ ደረቅ መሆን አለበት። ጨብጠው ሲለቁት ቅርፁን የሚይዝ፣ መዳፍን ግን የማያርስ። ሁለት ጊዜ ውሃ በዝቶበት ፎርማው ሲነሳ ቁራጩ ተዘረጠጠ። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ጥግና ጥጉ ማር የወጣበት እንጀራ ይመስላል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

የፎርማው ውስጥ በተቃጠለ የሞተር ዘይት በጨርቅ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ውህዱ በ5 ሳንቲም ንጣፍ ይገባል። እያንዳንዱ ንጣፍ ጫፉ 4 በ4 በሆነ እንጨት ከ30 ጊዜ ባላነሰ ይወቀጣል፤ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ፊቱ በሚስማር ይጫራል። መጫሩ ከተረሳ ንጣፎቹ አይያያዙም፤ ሲጓጓዝ በዚያ መስመር ልክ እንደ ዳቦ ይገመሳል። በቁራጮቹ መሃል የሚገቡት መለያያ ላሜራዎች የሚነሱት ውህዱ እንደተወቀጠ ነው። ውጩ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነሳል።

ቁራጮቹ በደረደርንበት ጥላ ውስጥ በጆንያና በላስቲክ ተሸፍነው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣሉ። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ዓይነት) ስለሆነ 7 ቀን አይበቃውም፤ 10 ቀን ተይዟል። ከዚያ ያለ ጆንያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የወጣ ሁሉ ይሰነጠቃል፤ በተለይ የበሩ ቁራጭ።

ኅዳር 2

ምድጃው ሲደርቅ የመነሻ ልኬት ተጀመረ። አሠራሩ፦ አንዲት ጋጋሪ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ዓይነት ሊጥ፣ አንድ ዓይነት የደረቀ ፍልጥ። እንጨቱ ከመጋገር በፊት በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘናል፣ የተረፈው በኋላ ይመዘናል። የቀረው ፍም በአፈር ታፍኖ ከሰል ሲሆን ይመዘንና በ1.5 ተባዝቶ ከተነደደው ይቀነሳል። እንጀራው ተቆጥሮ ይመዘናል። ሦስት ጊዜ ይደገማል። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር ምንም አይናገርም፤ ነፋስ ብቻ ግማሽ ኪሎ ይለዋውጣል።

በጉልቻ ላይ፣ 28 እንጀራ (11 ኪሎ ገደማ)፦ 9.6፣ 9.1፣ 9.9 ኪሎ እንጨት። አማካይ 9.5።

ኅዳር 9

ከኮምቦልቻ ወደ ደጋው ጭነት። በአይሱዙ በሐረጎ ዳገት እስከ ደሴ፣ ከዚያ እስከ መኪና መንገዱ ማብቂያ፣ የቀረው በአህያ። አንድ ምድጃ ሙሉ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ አህያ ልክ ነው። ቁራጮቹ ተጋድመው አይጫኑም፤ በጎናቸው ቆመው በመሃላቸው ጭድ ይገባል። በመኪናው ላይ ተጋድመው የተጫኑት ሦስት ቁራጮች ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አለቁ። ቆመው ከተጫኑት አንድም አልተነካም። ከአሁን ወዲህ ለእያንዳንዱ አሥር ምድጃ አንድ ትርፍ የበር ቁራጭና አንድ ትርፍ ጎን ይጫናል።

ኅዳር 14

ተከላ። መደቡ በድንጋይና በጭቃ ነው፤ ከፍታው እንደ ጋጋሪዋ ቁመት ከ40 እስከ 55 ሳንቲም። ከላዩ በውሃ ልክ ይስተካከላል። መደቡ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ በኩል ይሄዳል፤ እንጀራው ግማሹ ወፍራም ግማሹ እንደ ወረቀት ይሆናል።

በቀለበቱ ውስጥ መሬቱ ላይ መጀመሪያ 5 ሳንቲም የተነፋ አመድ፣ በላዩ የገል ንጣፍ። አመዱ ሙቀቱ ወደ መደቡ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። አራቱ ቁራጮች የሚገናኙበት ስንጥቅ በጭድ ጭቃ ይሞላል፤ በሲሚንቶ አይያያዝም። ቁራጮቹ ሲሞቁ ይዘረጋሉ። ሲሚንቶ ከተበጀላቸው መላወሻ አጥተው ራሳቸውን ይሰብራሉ። ዙሪያው ሁለት ቦታ ላይ በጥቁር ሽቦ ታጥቆ በፒንሳ ይጠመዘዛል።

ምጣዱ ከንፈሩ ላይ የሚያርፈው በአመድና በሸክላ አፈር ልጥፍ ነው፤ ሁለት እጅ አመድ፣ አንድ እጅ አፈር። ለስላሳ ስለሆነ ምጣዱ እንዳይወዛወዝ ያደርገዋል። አዲስ ምጣድ ከሆነ ማሟሸቱ በአሮጌው ጉልቻ ላይ ቢያልቅ ይሻላል። በዝግ ምድጃ ውስጥ የመጀመሪያው እሳት ቶሎ ይበረታል፤ ጥሬ ምጣድ ይፈነዳል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምድጃው ላይ ጭራሮ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይነዳል። ግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ይውጣ። ይህን የዘለለ ቤት ካለ ድምፁ ራሱ ይናገራል፤ "ጧ" ብሎ ይሰነጠቃል።

ኅዳር 19

የመጀመሪያ ልኬት። 7.4፣ 7.6፣ 7.0። አማካይ 7.3፤ ቁጠባው 23 በመቶ። በተለምዶ የሚባለው እስከ ግማሽ ነው። የሆነ ነገር ግማሹን እየበላ ነው።

የጋጋሪዋ ቅሬታ ከሚዛኑ በላይ ነገሩን ገለጠው። "መሃሉ ይጠቁራል፣ ዳሩ አይን አያወጣም፤ አክንባሎውን ሳነሳ ጢሱ ፊቴ ላይ ነው" አለች። ጢስ በአክንባሎው ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ ምጣዱና ቀለበቱ አልተገናኙም ማለት ነው። ልጥፉ ተቧጥጦ ሲታይ በአንዱ በኩል 2.5 ሳንቲም ክፍተት ነበር።

ምጣዱ 60 ሳንቲም ተብሎ የተገዛ ነው። ሲለካ በአንዱ አቅጣጫ 59፣ በሌላው 56.5። ሸክላ ሠሪ በእጇ እያዞረች የምትሠራው ነገር ነው፤ ክብ ነው ብሎ ማመን የእኛ ስህተት። የ14ቱ ቤት ምጣድ ሲለካ ከ54 እስከ 61 ሳንቲም ሆነ። 14ቱ ውስጥ በትክክል የሚገጥሙት ስድስት ብቻ። ሦስቱ ከ57 በታች ስለነበሩ ከንፈሩ ላይ የያዙት ጠርዝ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም፤ ሰፌድ ሲገፋቸው ወደ እሳቱ ይገባሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ 60 ሳንቲም ተለክቶ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ። ደሴ ሰኞ ገበያ ምጣድ ሊገዛ የሚሄድ ሰው አገዳዋን ይዞ ይሄዳል፤ በመስቀል ሁለት ጊዜ ያጋድማታል። ከአገዳዋ ከአንድ ጣት በላይ የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ምጣድ አይገዛም። ሜትር የሌለው ቤት ይኖራል፤ አገዳ የሌለው ቤት የለም።

ለትናንሾቹ ምጣዶች ከንፈሩ ላይ የሚገባ ቀጭን የሲሚንቶ ቀለበት ተሞክሮ በሁለተኛው ጋገራ ተፈረፈረ። በጭድ ጭቃ የተሠራውም አልቆየም። ምጣዱ ሲሰበር በልኩ መተካት ነው፤ እስከዚያው ክፍተቱ በልጥፍ ሳምንት በሳምንት ይታደሳል።

ኅዳር 24

ሁለተኛው ሌባ ጥልቀቱ ነበር። ከገሉ ንጣፍ እስከ ምጣዱ 17 ሳንቲም ሆኗል። የእንጨቱ ነበልባል ጫፉ ብቻ ነው ምጣዱን የሚልሰው። ወለሉ በጡብና በጭቃ 3 ሳንቲም ከፍ ተደረገ፤ አሁን 14 ነው። ከ12 በታች ከወረደ ደግሞ እሳቱ ታፍኖ ጥቀርሻ ይበዛል፣ ምጣዱም መሃሉ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው እንጨቱ። በጉልቻ ልማድ አንድ ሜትር የሚሆን ግንድ በሩ ላይ ተጋድሞ እየተገፋ ይነድ ነበር። በሩ ያለ ሥራ ተከፍቶ ይውላል፤ ቀዝቃዛ አየር በግንዱ ላይ አልፎ ይገባል፤ ያመጣነው ሙቀት በጢስ ማውጫው ይሄዳል። እንጨቱ 25 ሳንቲም ርዝመት፣ ሁለት ጣት ውፍረት ሆኖ ይፈለጥ ተባለ። ያልተወደደው ክፍል ይህ ነው፤ መፍለጥ ጉልበት ነው፣ መጥረቢያም በየቤቱ የለም። መንደሩ ውስጥ ወንፈል አለና የፍልጥ ወንፈል ተጨመረበት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአራት ቤት የሚበቃ።

በሩ ላይ ሲጋገር የሚደገፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀመጠ፤ የበሩን ሁለት ሦስተኛ ይዘጋል፣ ሲጨመር ገለጥ ይላል።

ታኅሣሥ 3

በዚያችው ጋጋሪ፣ በልኩ በተገዛ ምጣድ፦ 5.3፣ 5.0፣ 5.1። አማካይ 5.1፤ ቁጠባው 46 በመቶ። ምድጃው ከኅዳር 19ኙ ጋር ያው ምድጃ ነው።

ሌላ የተገኘ ነገር አለ። 60 ኪሎ ሲሚንቶና ሸክላ እስኪሞቅ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እሳት የሚሄደው ለእሱ ነው። 10 እንጀራ ብቻ የሚጋግር ቤት ይህን ዋጋ ለ10 እንጀራ ይከፍላል፤ 30 የሚጋግር ለ30 ያካፍለዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምድጃ ተከታትለው ሲጋግሩ የሁለተኛዋ 28 እንጀራ 4.1 ኪሎ ብቻ ፈጀ። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር በሳምንት ሁለት ጊዜ በተርታ መጋገር፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አንድ ኪሎ ይቆጥባል።

ታኅሣሥ 6

ኩበት። እስካሁን የተለካው እንጨት ነው፤ ደጋው የሚያነደው ግን በአብዛኛው ኩበት ነው። ኩበት በዚህ ምድጃ ውስጥ ከ12ኛው እንጀራ በኋላ ይታፈናል። ኩበት አመዱ ብዙ ነው፤ ከብቱ መሬት ላይ ከተኛበት ሲሰበሰብ አፈርም ይዞ ይመጣል። አመዱ በሩን እስከ ግማሽ ይሞላዋል፣ አየር ይጠፋል፣ ቤቱ ጢስ ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ከሥሩ አየር መስጠት ነው። ከባለ 8 ሚሊ ፌሮ 28 በ24 ሳንቲም የሆነ ፍርግርግ ተበየደ፤ በዘንጎቹ መሃል 2 ሳንቲም ክፍተት፣ በአራት የጡብ ቁራጭ ላይ 4 ሳንቲም ከፍ ብሎ። ወለሉ ዝቅ እንዲል ከፍ ያደረግነውን ጡብ መልሰን አወጣን። ኩበቱ በፍርግርጉ ላይ በቁመቱ ቆሞ ነው የሚደረደረው፤ ተደራርቦ ከተጋደመ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ከፌሮ የታጠፈ መጫሪያ ከሥሩ ገብቶ በየ10 እንጀራው አመዱን ይስባል። አመዱ ለገብሱ ማሳ ይሄዳል፤ የኩበቱን ያህል ባይሆንም ከመድፋት ይሻላል።

የፍርግርጉ ዋጋ ከምድጃው ሲሚንቶ ይበልጣል። ስለዚህ ለሁሉም አልተሠራም፤ በአምስት ቤት ነው ያለው። እንጨት ብቻ ለሚያነድ ቤት አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 10

ቃሉ። አገዳ ሌላ ጠባይ ነው። እንደ ወረቀት ነዶ ያልቃል፤ ጋጋሪዋ ሊጥ ስታፈስ እሳቱ ይሞታል። አንድ ሰው ለእሳት አንድ ሰው ለምጣድ ይያዛል። አገዳው በ25 ሳንቲም ተቆርጦ የክንድ ውፍረት ሆኖ በራሱ ልጣጭ ተጠብቆ ሲታሰር የአንድ እስር ዕድሜ ከእንጀራ ተኩል አልፎ ሁለት ያህላል። የላላ እስር አይሠራም፤ ሙሉ ጥቅሙ መጥበቁ ላይ ነው። መሃሉ ላይ አንድ የግራር ጭራሮ ሲገባበት ፍሙ ይቆያል።

ክርክርም ተነስቷል። አገዳ የበሬ መኖም ነው። ምድጃው አገዳ ቆጥቦ ለበሬ ካልተረፈ ማን ይፈልገዋል? ይህ ልክ ነው። እዚህ የሚለካው ቁጠባ በእስር ብዛት ሆኗል፤ ሴቶቹ ራሳቸው ክምሩን ከግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት እየያዙ ነው።

ታኅሣሥ 18

ስንጥቅ። ከደጋው 14 አንድ የበር ቁራጭ፤ ከቃሉ 10 አምስት። ሁሉም በበሩ አናት ላይ፣ ከላይ ወደ ታች።

የቃሉዎቹ ኅዳር 16 ተሞልተው ታኅሣሥ 1 ተተክለዋል፤ 15 ቀን ብቻ። የደጋዎቹ 24 ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተዋል። አስቸኩለን ነው የሰበርናቸው። ከተሞላ እስከ መጀመሪያው እሳት 28 ቀን፤ አይነካም።

አንድ ሌላ ስህተትም ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ በሩ ላይ እንዲያጠነክር ተብሎ ባለ 6 ፌሮ የገባባቸው ናቸው፤ የተሰነጠቁትም ልክ በብረቱ መስመር ነው። ብረት በቀጭን ግድግዳ ውስጥ ሲግል ከሲሚንቶው አብልጦ ይዘረጋል፣ ሽፋኑን ይገለብጣል። ቤት ሲሠራ የሚረዳው ነገር እዚህ ጠላት ነው። ፌሮው ቀርቶ የበሩ አናት ከጠፍጣፋ ወደ ቅስት ተለወጠ፤ ፎርማው ላይ የታጠፈ ላሜራ ተበየደበት፤ ውፍረቱም በዚያ ቦታ ብቻ 8 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ በኋላ ከተሞሉት ስድስት የበር ቁራጮች እስካሁን ሲደርቅ የተሰነጠቀ የለም።

ትንሽ ስንጥቅ ያለው ምድጃ አይጣልም። ሽቦው ይጠበቃል፣ ስንጥቁ በአመድ ልጥፍ ይደፈናል፣ ሥራው ይቀጥላል።

ጥር 4

ጭስ ማውጫ። በሁለት የቆርቆሮ ቤት ላይ ባለ 10 ሳንቲም ቱቦ 2.5 ሜትር ተተክሎ ነበር። ቤቱ ከጢስ ጠራ። ማገዶው ግን ወደ 6 ኪሎ ወጣ፤ የምጣዱ የኋላ ጎን ተቃጥሎ የፊቱ ጥሬ ይቀራል። ቱቦው አብዝቶ ይስባል። ከቱቦው ሥር በላሜራ የሚዞር መዝጊያ ተሠራ፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ሁለት ሦስተኛው ይዘጋል። በጢስ መውጫው ፊት በውስጥ በኩል ግማሽ ጡብ ቆመ፤ ነበልባሉ ወደ ሁለቱ ጎን ተከፍሎ ይዞራል። ማገዶው ወደ 5.3 ተመለሰ።

በሣር ክዳን ቤት ቱቦ አልተተከለም፤ አይተከልምም። የጋለ ቱቦና ሣር አንድ ላይ አይኖሩም። እዚያ የተደረገው ከምድጃው በላይ የግድግዳውን አናት በክንድ ያህል መክፈት ነው። አንድ ሽማግሌ "ጢሱ ሲሄድ ምስጡ መጣ" ያሉት ቀልድ አይደለም፤ ክዳኑን ከምስጥ የሚጠብቀው ጢስ ነበር።

ደጋው ላይ ብርድ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉልቻ ቤቱንም ያሞቅ ነበር። የተዘጋው ምድጃ ለቤቱ የሚለቀው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ግን ግድግዳው ከጋገራ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ለብ ብሎ ይቆያል። ፍሙን በሸክላ አውጥቶ በተዘጋ ክፍል ማሞቂያ ማድረግ ግን መከልከል አለበት። ጢስ የሌለው ፍም ነው የሚገድለው።

ከኋላ ያለው የድስት ማስቀመጫ ሽንብራና ባቄላ ለማብሰል ጥሩ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ በነፃ ሙቀት ቢበስል ይመረጣል። ድስቱ ግን ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት የለበትም። ሦስት የጠጠር እግር በጭቃ ተለጥፎ 1.5 ሳንቲም ክፍተት ካልተተወ ጢሱ በበሩ ይመለሳል።

ጥር 16

የማገዶ ማድረቂያ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ነው። ያንን ውሃ የሚያተነው ያው እንጨቱ ነው። በቤቱ ደቡብ በኩል በጣሪያው ዳር ሥር፣ ከመሬት በሁለት ድንጋይና በሁለት አጠና 20 ሳንቲም ከፍ ያለ መደርደሪያ፤ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ልጣጩ ወደ ላይ ሆኖ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ተለቅቆ። ግድግዳው ላይ ተጠግቶ የተደረደረ ከኋላው ይሻግታል፤ አንድ ክንድ ይራቅ።

የደረቀ መሆኑ በሚዛን ይታወቃል። ምልክት የተደረገባቸው አምስት ፍልጦች በየሳምንቱ ይመዘናሉ፤ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ክብደታቸው ካልቀነሰ ደርቀዋል። በጥር ፀሐይ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ሚዛን ለሌለው፣ ሁለት ፍልጥ ተጋጭቶ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይነዳል፤ ድፍን ድምፅ ከሆነ ይመለስ። ለክረምት የሚሆነው ግንቦት ሳያልቅ ተፈልጦ መግባት አለበት።

የካቲት 2

ከ24ቱ 22 ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ቤቱ ስለተዛወረ ፈርሶ ተቀምጧል። አንዱ ጥግ ላይ ቆሞ የእህል ማስቀመጫ ሆኗል፤ ምጣዳቸው 54 ሳንቲም ነው፣ እስኪሰበር አይተካም ብለዋል፤ ይሁን።

ቀጣዮቹ ምድጃዎች በቅሬው (በመንደሩ ዕድር) በኩል ይሄዳሉ። አሥር ቤት በእቁብ መልክ፣ ሳምንታዊው መዋጮ የአንድ ምድጃ ሲሚንቶና የማጓጓዣ ሂሳብ ነው፤ አሸዋ ማጠብና ገል መፍጨት በጉልበት። ዕጣው የወጣለት ቤት ምድጃው በተሞላ በ28ኛው ቀን ይተክላል፤ ቀኑ በቅሬው መዝገብ ይጻፋል፣ የሚያስቸኩል እንዳይኖር።

ፎርማዎቹ አንዱ ኮምቦልቻ ይቆያል፤ አንዱ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ውርጩ ሲያልፍ፣ ደጋው ይሄዳል። ከፎርማው ጋር የሚሄዱት ዕቃዎች ተቆጥረዋል፦ ሁለት መለያያ ላሜራ፣ መውቀጫ፣ ወንፊት፣ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ መጫሪያ። የ60 ሳንቲሟ አገዳ በፎርማው እጀታ ላይ በሽቦ ታስራለች። አራተኛዋ ናት፤ ሦስቱን ማድቤት ውስጥ ትተናቸው ነደዋል።